አንድ ካርድ ሲበላሽ ስንት ጥሪ ይቋረጣል? የቴሌኮም ብሌድ ሰርቨሮች አደራደር

ከዋሽንግተን ወይም ከሪያድ ወደ አዲስ አበባ ሲደወል ድምፁ በጉዞው ላይ ቅርጹን ሊለውጥ ይችላል። በመደበኛው ዲጂታል የስልክ መስመር ድምፅ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ይይዛል፤ በተንቀሳቃሽ ስልኮች በስፋት በሚሠራበት ኤኤምአር ግን ከ12.2 ኪሎቢት አይበልጥም። ይህን ልወጣ በአንድ ጊዜ ለሺዎች ጥሪዎች ከሚያከናውኑ መሣሪያዎች መካከል ብሌድ ሰርቨሮች ይገኙበታል።

ብሌድ ሰርቨር እንደ መጽሐፍ ጎን ለጎን ተደርድሮ በአንድ ሳጥን የሚሰካ ስስ ኮምፒውተር ነው። ኤሌክትሪኩንም ሆነ የማቀዝቀዣ አየሩን የሚያገኘው ከሳጥኑ ነው። በአውሮፓውያኑ 2002 ለቴሌኮም የጸደቀው አድቫንስድቲሲኤ የተባለው ደረጃ፣ በ19 ኢንች ሳጥን ውስጥ እስከ 14 ካርዶች እንዲሰኩ ይፈቅዳል።

ሆኖም 14 ማስገቢያ አለ ማለት 14 ካርድ ጥሪ ይሸከማል ማለት አይደለም። በተለመደው አደራደር ሁለቱ፣ ካርዶቹን እርስ በርስ ለሚያገናኙት ስዊቾች ይሰጣሉ። ሁለት ደግሞ ለመቆጣጠሪያ ካርዶች፣ ማለትም ለሚሠራውና ለተጠባባቂው፣ ቢመደቡ ለድምፅ የሚቀሩት አሥር ናቸው። እያንዳንዱ 1,000 ጥሪ ይችላል እንበል። ዘጠኙ ሠርተው አንዱ በተጠባባቂነት ከቆየ፣ የሳጥኑ እውነተኛ አቅም 9,000 ነው። በሽያጭ ወረቀት ላይ የሚያምረው ግን 10,000 ነው። በእንቁጣጣሽ ወይም በዒድ ዕለት አሥሩም ሞልተው ሳለ አንዱ ቢበላሽ፣ የ1,000 ጥሪዎች ማረፊያ አይኖርም።

ተጠባባቂ መኖሩ ብቻውንም አይበቃም። ሁለቱ የመቆጣጠሪያ ካርዶች በአንድ ሳጥን ከተቀመጡ፣ የሳጥኑ መበላሸት ሁለቱንም ይዞ ይወድቃል። ስለዚህ ሁለት ሳጥን ያለው ድርጅት በየሳጥኑ አንድ አንድ ቢያኖር ይመረጣል። የኤሌክትሪኩ ነገርም እንዲሁ ነው። ሳጥኑ በ48 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል ከሁለት መስመሮች ይመገባል፤ እያንዳንዱ መስመር ሙሉውን ጭነት ብቻውን መሸከም ካልቻለ፣ ሁለተኛው መስመር የይስሙላ ነው።

ሙቀት ከሁሉም በላይ ይዘነጋል። በመጀመሪያው ደረጃ ለአንድ ማስገቢያ የተፈቀደው ኃይል 200 ዋት ነበር፤ 14ቱ ሲደመሩ 2,800 ዋት ይሆናሉ። በአንድ ቁም ሳጥን ሦስት እንዲህ ያሉ ሳጥኖች ሊገቡ ይችላሉ፤ ከ8 ኪሎዋት በላይ የሚሆነውን ሙቀት ግን ክፍሉ ላያስወግደው ይችላል። ባዶ ማስገቢያም ሳይሸፈን መተው የለበትም። አየሩ ቀላሉን መንገድ መርጦ በክፍተቱ ስለሚያልፍ ጎረቤት ካርዶች ይግላሉ።

ዛሬ ብዙ ኦፕሬተሮች ይህን ሥራ በተራ ሰርቨሮች ላይ ወደሚሠሩ ሶፍትዌሮች እያዛወሩ ነው። አሮጌው ስህተት ግን አብሮ ሊዛወር ይችላል፤ ዋናውና ተጠባባቂው ሶፍትዌር ሳይታወቅ በአንድ ማሽን ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ይህን ለመከላከል ሁለቱ በአንድ ሰርቨር እንዳያርፉ የሚከለክል ደንብ፣ ሥርዓቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይጻፋል።