የይለፍ ሕጎች (ደቡብ አፍሪካ)

የጥቁር ደቡብ አፍሪካውያንን እንቅስቃሴ፣ መኖሪያና ሥራ በወረቀት ይቆጣጠሩ የነበሩ ሕጎች። ከአፓርታይድ በፊትም ነበሩ፤ የብሉምፎንቴን ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1913 ይለፍ አንይዝም ብለው ታስረዋል። የአፓርታይድ አራማጅ የሆነው ብሔራዊ ፓርቲ በ1948 ሥልጣን ሲይዝ ቁጥጥሩ ጠበቀ። የ1952ቱ ሕግ ይለፍን እሽራለሁ የሚል ስም ነበረው፤ ስላቅ ካልሆነ በቀር ምን ይባላል! ያደረገው ልዩ ልዩ ወረቀቶችን በአንድ ደብተር ጠቅልሎ ዕድሜው 16 የሞላ ጥቁር ሁሉ ከኪሱ እንዳይለየው ማስገደድ ነው። ደብተሩ ፎቶግራፍ፣ የአሠሪ ፊርማና የግብር ማረጋገጫ ይይዝ ነበር። ፈቃድ የሌለው ሰው በከተማ ከ72 ሰዓት በላይ ከቆየ ይታሰር ነበር።

ኦገስት 9 ቀን 1956 ወደ 20,000 የሚጠጉ ሴቶች ይለፉን በመቃወም ፕሪቶሪያ ወደሚገኘው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ተመሙ። ማርች 21 ቀን 1960 በሮበርት ሶቡክዌ የሚመራው የፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስ ሕዝቡ ደብተሩን ቤቱ ትቶ እጁን ለፖሊስ እንዲሰጥ ጠራ። የጥቁሮች መኖሪያ በሆነችው ሻርፕቪል ላይ ፖሊስ ተኩሶ፣ በይፋዊው ቆጠራ፣ 69 ሰዎች ገደለ፤ ብዙዎቹ የተመቱት ሲሸሹ ከጀርባቸው ነው። ከቀናት በኋላ ኔልሰን ማንዴላ ደብተሩን በአደባባይ አቃጠለ። በ1962 ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ተጓዘ፤ አዲስ አበባ፣ ኮልፌም ወታደራዊ ሥልጠና ወሰደ። አገሩ ሲመለስ ተይዞ፣ ያለ ሕጋዊ ፓስፖርት ከአገር መውጣት አንዱ ክሱ ሆነ።

ሕጎቹ በ1986 ተሻሩ።