ፒካፕ ስንት ሰው ይይዛል?

ከደሴ በአቀስታ ወደ መካነ ሰላም ለመሄድ ፒካፕ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጋቢና ቦታ አለ?» ብሎ ነው። መልሱ እንደ ጋቢናው ዓይነት ይለያያል።

👉 ነጠላ ጋቢና፦ 2 በር፣ አንድ ረድፍ ወንበር። ወንበሩ ለየብቻ ከሆነ ሹፌሩን ጨምሮ 2 ሰው፣ ወጥ ከሆነ 3 ሰው።

👉 ኤክስትራ ካብ፦ ከሹፌሩ ኋላ ጠባብ መቀመጫ አለው። ለጉልበት ቦታ ስለሌለው ለረጅም መንገድ አይመችም።

👉 ደብል ጋቢና፦ 4 በር፣ 2 ረድፍ። እዚህ አገር የለመድናቸው ሃይሉክስና ዲማክስ 5 ሰው ይይዛሉ። እንደ ፎርድ ኤፍ-150 ያሉት ትልልቆቹ የአሜሪካ ፒካፖች ደግሞ የፊት ወንበራቸው ወጥ ከሆነ 6 ሰው ይይዛሉ።

ግራ ከገባችሁ ቀበቶውን ቁጠሩ፦ አንድ ቀበቶ፣ አንድ ሰው። ልጅ ካለ ከኋላ ወንበር ይቀመጥ፤ ፊት ታቅፎ መሄድ አደገኛ ነው።

የጭነቱ ቦታስ? እሱ ወንበርም ቀበቶም የለውም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን በድንገት ሲያዝ ወይም መኪናው ሲገለበጥ እዚያ ያለው ሰው ተወርውሮ ይወጣል። ብርዱንማ የወሎ ደጋ ሰው ያውቀዋል።

ሹፌሩ «ግቡ፣ ትጠጋጋላችሁ» ቢል እንኳ ቀበቶ ካለቀ ቦታ አልቋል። ቀጣዩን መኪና ጠብቁ።