ካቸሩን እይ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ ዋሽንግተን ዲሲ ወደሚገኘው የቤዝቦል ሜዳ፣ ወደ ናሽናልስ ፓርክ እወስዳችኋለሁ። ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። መኪና አንይዝም፤ ጨዋታ ባለበት ማታ በዚያ ሰፈር ማቆሚያ መፈለግ ገንዘብም ትዕግሥትም ይጨርሳል። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ካሉበት ከዩ ስትሪት አረንጓዴውን የሜትሮ መስመር እንሳፈራለን፤ ሳንቀይር ኔቪ ያርድ ያወርደናል።

አብረውን የሚሄዱት ሁለት ናቸው። አንደኛው ጋሼ፣ በደርግ ጊዜ መጥተው ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ ያሳለፉ፣ የከተማውን መንገድ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ሁለተኛው የወንድሜ ልጅ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የኳስ መያዣ ጓንቱን ከቤት አጥልቆ እንደወጣ አላወለቀውም። ባቡሩ በየጣቢያው በቆመ ቁጥር ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው ይገባል፤ ወንዙ ጋ ስንቃረብ መቆሚያ የለም።

ስታዲየሙ አናኮስቲያ ወንዝ አጠገብ ነው። በ2008 ተከፈተ፤ ወደ 41 ሺህ ተመልካች ይይዛል። የመጀመሪያው ጨዋታ ከአትላንታ ጋር ነበር። ሁለት እኩል ሆነው ሊያልቅ ሲል የባለሜዳው የናሽናልስ ቡድን መቺ ራያን ዚመርማን ኳሷን ከአጥር በላይ ላካትና 3 ለ 2 አሸነፉ። እንዲህ ያለ የቤት ምርቃት የት ይገኛል!

እኔ የዚህን ስታዲየም መተላለፊያ እወደዋለሁ። በድሮዎቹ ስታዲየሞች ምግብ ልትገዙ ከተነሳችሁ ከግድግዳ ኋላ ትገቡና ጨዋታው ያመልጣችኋል። እዚህ ዋናው መተላለፊያ ወደ ሜዳው የተከፈተ ነው፤ ሳሩን እያያችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ከ1958 ጀምሮ ዩ ስትሪት ላይ ያለው ቤንስ ቺሊ ቦውልም እዚህ ምድጃውን ተክሏል፤ ሃፍ ስሞክ የሚሉት ቋሊማ ሲጠበስ ሽታው ሩቅ ይጠራል። ቀኑ ረቡዕ ስለነበረ ጋሼ ወደዚያ አላዩም። ከነቅርፊቱ ኦቾሎኒ ገዙና እየፈለፈሉ ለልጁ ያቀብሉት ጀመር።

መቀመጫችን መቺው ከሚቆምበት ከሆም ፕሌቱ ጀርባ ከፍ ብሎ ነበር። ኳስ ወርዋሪው ፒቸር ከቆመበት ጉብታ እስከ መቺው 18 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ኳሷ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ስትወረወር ዓይን ጨፍኖ ለመግለጥ እንኳ ጊዜ አትሰጥም። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ሰዓት ገብቷል፤ ቤዝ ላይ ሯጭ ከሌለ ፒቸሩ በ15 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት። ጨዋታው ከሃያ ደቂቃ በላይ አጥሯል። አንዳንድ የድሮ ደጋፊዎች ቅር ብሏቸዋል፤ እኔ ግን ልጅ ይዞ ለሚመጣ ሰው ትልቅ ነገር ነው እላለሁ። በማግስቱ ትምህርት ያለበትን ልጅ እስከ መጨረሻው ማስቀመጥ ተቻለ።

ልጁ ዓይኑን ከፒቸሩ ላይ አልነቀለም። ጋሼ ትከሻውን ነካ አደረጉት።

«አንተ ጎበዝ፣ ካቸሩን እይ።»

«ለምን አባባ? ቁጭ ብሎ ኳስ ብቻ እኮ ነው የሚይዘው።»

«ኳስ ብቻ? ሁሉንም የሚያዘው እሱ ነው። እጁ ላይ ያለችውን ነገር ተመልከት።»

አየን። ካቸሩ ቁልፎች ያሏት ትንሽ መሣሪያ አለችው። አንዱን ሲጫን ፒቸሩ ኮፍያው ውስጥ በተሸጎጠች ድምፅ ማጉያ ቀጣዩ ውርወራ ምን እንደሆነ ይሰማል። ድሮ ይህ በጣት ምልክት ነበር፤ ተቃራኒ ቡድን ምልክቱን እየሰረቀ አስቸገረ፤ በ2022 መሣሪያው ተፈቀደ። ካቸሩ ተጫነ፤ ፒቸሩ ራሱን ነቀነቀ፤ ካቸሩ ሌላ ተጫነ። ኳሷ መጣችና ከመቺው ፊት ቁልቁል ወረደች፤ መቺው አየሩን መታ። ልጁ ብድግ ብሎ «ያዘው! እሱ ነው ያዘዘው!» ብሎ ጮኸ፤ ከፊታችን የነበሩት ሴትዮ ዞረው ፈገግ አሉለት። ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከካቸሩ አላነሳም።

በአራተኛው ዙር (ኢኒንግ) ትልልቅ ጭንቅላት ያጠለቁ ፕሬዚዳንቶች ይሮጣሉ፤ ዋሽንግተን፣ ጀፈርሰን፣ ሊንከን፣ ቴዲ ሩዝቬልት። ቴዲ እስከ 2012 ድረስ ከ500 ጊዜ በላይ ተሸንፎ ነበር፤ ያሸነፈ ቀን ስታዲየሙ በጩኸት ተናወጠ። ስለ 2019ም ሳልነግራችሁ አላልፍም። ናሽናልስ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦበት ነበር፤ በጥቅምት መጨረሻ ግን ሂዩስተን ላይ በሰባተኛው ጨዋታ የወርልድ ሲሪስ ዋንጫ ወሰደ። ለዋሽንግተን ከተማ ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ጨዋታው አልቆ ስንወጣ ጋሼ ወደ ባቡሩ አልቸኮሉም። ወደ ጆሽ ጊብሰን ሐውልት ወሰዱን። ቀራፂው የዱላውን እንቅስቃሴ በነሐሱ ላይ ለማስቀረት ሞክሯል፤ ብዙ ሰው አይወደውም፤ እኔ እወደዋለሁ።

«ይህ ሰው ካቸር ነበር» አሉት ጋሼ። «ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባል የጥቁሮች ቡድን ውስጥ። የነጮቹ ሊግ ጥቁር አያስገባም ነበር። በ1947 ጥር ላይ በ35 ዓመቱ ሞተ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ጃኪ ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር ተጫዋች በሩን ከፍቶ ገባ።»

«ሦስት ወር ብቻ?»

«ሦስት ወር ብቻ። በ2024 የጥቁሮቹ ሊግ ውጤት ከዋናው ሊግ መዝገብ ጋር ተደመረ። በዕድሜ ልክ የመምታት አማካይ ከሁሉ በላይ የወጣው ማን ይመስልሃል? እሱ ነው። ከሺህ ሙከራ 372 ጊዜ መትቶ ቤዝ ይዟል።»

ልጁ ሐውልቱን ዞሮ አየው፤ የካቸር ጓንት ፈለገ፤ የለም። «እዚህ ሜዳ ላይ ነው የተጫወተው?»

«አይደለም። ይህ አዲስ ነው። እሱ የተጫወተው ግሪፊት ስታዲየም ነው፤ የ1924ቱም ዋንጫ የተወሰደው እዚያ ነው። በ1965 ፈረሰና ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተሠራበት።»

ልጁ ጓንቱን እንዳጠለቀ ወደ እኔ ዞረ። የተወለደው እዚያ ሆስፒታል ነው፤ እናቱ ደጋግማ ነግራዋለች።

«ሆም ፕሌቱ የት ጋ ነበር?» አለ።

«ቅዳሜ ይዤህ እሄዳለሁ» አሉት ጋሼ፣ «ግን ጓንትህን እንዳትረሳ።»