ፊደላችን በኮምፒዩተር ላይ፦ ከሥዕልነት ወደ ጽሑፍነት

ከእኛ የሚቀድሙት ስደተኞች እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ካርቱም ውስጥ ኢንተርኔት ቤት ገብተው የአገር ወሬ በአማርኛ ለማንበብ ሲሞክሩ ብዙ ጊዜ የሚያዩት ባዶ ሳጥን ነበር። አጠገባቸው የተቀመጠው ሱዳናዊ ግን ዐረብኛውን ያነባል። ለምን?

እንደሚታወቀው ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ያስፈልገዋል። የድሮው አሠራር ቢበዛ 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከ300 ያልፋል። ስለዚህ የአማርኛ ፕሮግራም ሠሪዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ሰጡ። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቁ ይወጣል። ሌሎች ደግሞ ጽሑፉን ሥዕል አድርገው ድረ ገጽ ላይ ለጠፉት። ለሚያይ ሰው መላ ነው። ዓይነ ስውሩ ተማሪስ? ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ሥዕል ላይ ሲደርስ የሚያነበው ነገር የለውም።

እ.ኤ.አ. 1999 ሁለት ነገር ይዞ መጣ። በግንቦት ወር፣ ድርን የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ ያቋቋመው የድር ስታንዳርድ ድርጅት፣ ድረ ገጽ ለአካል ጉዳተኞች እንዲደርስ የሚረዳ የመጀመሪያ መመሪያውን አወጣ። የመመሪያው አንደኛ ነጥብ በሥዕል ለሚቀርብ ነገር ሁሉ ተመጣጣኝ ጽሑፍ ይኑር ይላል። በመስከረም ደግሞ ዩኒኮድ 3.0 ወጣና ፊደላችን ቋሚ ቁጥር አገኘ፤ ሀ 1200፣ ሁ 1201 እያለ ይቀጥላል። ዐረብኛ ቁጥሩን ያገኘው በ1991 በመጀመሪያው ዩኒኮድ ነበር። እኛ ስምንት ዓመት ዘግይተናል ማለት ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ግን አልበቃም። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ለሕዝብ የቀረበው በ2007 ነው። በ2006 ማይክል ከራን የተባለ አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር ኤን ቪ ዲ ኤ የተባለውን በነጻ የሚገኝ አንባቢ ፕሮግራም መሥራት ጀመረ። ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት የድምፅ ሞተር ዛሬ አማርኛም ያነባል።

ታዲያ መንገዱ ከተከፈተ እኛ መምህራን ምን እያደረግን ነው? የፈተና ፕሮግራም በወረቀት ጽፈን፣ ፎቶ አንስተን በስልክ እንልካለን። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በተነሣው ጦርነት ከካርቱም የተበተኑ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በስልክ ለመከታተል ሲሞክሩ ፎቶው ከባድ ነው፣ መስመሩ ቀጭን ነው። ዓይነ ስውሩ ደግሞ ፈተናው ስንት ሰዓት እንደሆነ ሰው ለምኖ ማስነበብ አለበት። ይሄ እኮ ወደ ሥዕሉ ዘመን መመለስ ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያን በፊደል እንጻፍ። ፎቶ የግድ ከሆነ ከሥሩ ምን እንደሚል በጽሑፍ እንጨምር። ርዕሱን ርዕስ ተብሎ በተዘጋጀው ቦታ እናስገባ፤ ድረ ገጽ የምትሠሩም የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑን በኮዱ ውስጥ አመልክቱ፣ አንባቢው ፕሮግራም ትክክለኛውን ድምፅ እንዲመርጥ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ፊደል ያስቆጠርነውን ልጅ ከፊደሉ አንለየው።