የ10 ቀኑ መልስ 6 ዓመት ሲፈጅ

መንግሥት መሥሪያ ቤት የገባ የሸማች አቤቱታ የማን ንብረት ነው? የአቤት ባዩ? ስሙ የተነሳው ድርጅት? ወይስ ነገ ያንኑ ዕቃ ሊገዛ ገበያ የሚወጣው ሰው? አሜሪካኖች በዚህ ጥያቄ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግተዋል። የሙግቱ መነሻ ቴሌቪዥን ነበር። (ስለ አሜሪካ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የዚያ ዘመን ቴሌቪዥን እንደ ዛሬው ስስ ሰሌዳ አልነበረም። ውስጡ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበት፣ የሚግል ትልቅ ሣጥን ነው። እሳት የሚያስነሳ፣ ሰው በኤሌክትሪክ የሚመታ ነበረ። በ1972 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን በ1974 ጉዳዩን ሊመረምር ተነሳና አምራቾቹን «የአደጋ ሪፖርቶቻችሁን አምጡ» አላቸው። አመጡ። ግን ምስጢር ነው፣ ለሌላ አይሰጥብን አሉ።

በዚያው ዓመት ኮንሱመርስ ዩኒየን እና ፐብሊክ ሲቲዝን የተባሉ የሸማች ተሟጋቾች ሪፖርቶቹ ይሰጡን ብለው ለኮሚሽኑ ጻፉ። የተመረኮዙት ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1966 የፈረሙትን የመረጃ ነጻነት ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ጠያቂው መረጃውን ለምን እንደፈለገው ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ምክንያት ማቅረብ ያለበት የከለከለው መሥሪያ ቤት ነው። በ1974 መጨረሻ ደግሞ ኮንግረሱ የፕሬዚዳንት ፎርድን ቬቶ ሽሮ ሕጉን አጠናከረው፤ መሥሪያ ቤቶች በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ይመልሱ ተባለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኮሚሽኑ አልከለከለም። በ1975 ሪፖርቶቹን እሰጣለሁ ብሎ ወሰነ። አምራቾቹ ግን ፍርድ ቤት ሮጠው እግድ አወጡበት። የያዙት ክርክር ከኮሚሽኑ ከራሱ ማቋቋሚያ ሕግ የተመዘዘ ነበር፦ ኮሚሽኑ አምራቹ ተለይቶ የሚታወቅበትን መረጃ ለሕዝብ ከማውጣቱ 30 ቀን አስቀድሞ ለአምራቹ ማሳወቅ፣ አስተያየቱን መቀበልና የመረጃውን ትክክለኛነት ማረጋገጥ አለበት ይል ነበር። ኮሚሽኑ «ይህ እኛ በራሳችን ተነሳሽነት ስናወጣ እንጂ ሰው ጠይቆን ስንሰጥ አይሠራም» ብሎ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 1980 በሙሉ ድምፅ ለአምራቾቹ ፈረደ። ጥያቄው ከቀረበ 6 ዓመት ሆኖታል። በ1974 የተገዛ ቴሌቪዥን በዚያን ጊዜ የት እንደሚሆን አስቡት።

አምራቾቹን ጭራቅ ማድረግ ይቀላል፤ እኔ ግን ክርክራቸው ባዶ ነበር አልልም። አቤቱታ ፍርድ አይደለም። ተፎካካሪ የጻፈው፣ በንዴት የተጋነነ፣ የዕቃውን ስም ያሳሳተ ሊሆን ይችላል። ችግሩ መድኃኒቱ ነው፦ ድርጅቱ እንዳይጎዳ ተብሎ ገዢው ሳያውቅ እንዲቆይ ተደረገ። በ1981 ኮንግረሱ ይህን አጥር እንዲያውም ከፍ አደረገው።

መላ የተገኘው ዘግይቶ ነው። በ2007 እርሳስ ያለበት ቀለም የተቀቡ የልጆች መጫወቻዎች በብዛት ከገበያ ከተሰበሰቡ በኋላ በ2008 አዲስ ሕግ ወጣ። ኮሚሽኑ የሕዝብ የአቤቱታ ቋት እንዲከፍት አዘዘ፤ ቋቱም በመጋቢት 2011 ሥራ ጀመረ። አቤቱታው መጀመሪያ ለአምራቹ ይላካል፤ ከዚያ ከ10 የሥራ ቀን በኋላ ይወጣል። አምራቹ ከፈለገ መልሱ አብሮ ይታተማል። የአቤት ባዩ ስም አይወጣም። የሁለቱንም ወገን ቃል ጎን ለጎን ማስቀመጥ፣ ይኸው ነው። ይህን ለማሰብ ከ30 ዓመት በላይ መፍጀቱ ይገርማል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አዋጅ ቁጥር 590/2000 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። የመልሱ ጊዜ 30 ቀን ነው፤ የተከለከለ ሰው ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል። የሸማች አቤቱታ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ይቀርባል። ሁለቱን አዋጆች አገናኝቶ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ወይም የሸማቾች ማኅበር ካለ፣ «ያላችሁን ሁሉ ስጡኝ» ባይል እመክራለሁ። በአንድ የበጀት ዓመት በአንድ የዕቃ ዓይነት ስንት አቤቱታ እንደገባ፣ ስንቱ ውሳኔ እንዳገኘ፣ ውሳኔው ምን እንደነበር፣ የአቤት ባዮች ስም ተሰርዞ ይሰጠኝ ይበል። በጽሑፍ ያቅርብ፣ ቀኑ ያለበት ግልባጭም እጁ ላይ ያስቀር። 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው።