ቆይቶ የሚከፈል ብድር

«ዲፈርድ ፔይመንት ሎን» የሚባለውን የቤት ማደሻ ብድር በአማርኛ «ቆይቶ የሚከፈል ብድር» ብንለው ጠባዩን በደንብ ይገልጸዋል። «የዘገየ ብድር» የሚለው ግን ተበዳሪውን ቀኑ ያለፈበትና ቅጣት የሚጠብቀው ያስመስለዋል። እዚህ የዘገየ ሰው የለም፤ ወርሃዊ ክፍያ እንደማይኖር ገና ከጅምሩ በውሉ ሰፍሯል።

አሌክሳንድሪያ ከዋሽንግተን ዲሲ በፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የምትገኝ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። የከተማዋ የቤቶች ጽሕፈት ቤት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ የቤት ባለቤቶች እንዲህ ያለ ብድር ያለ ወለድ ይሰጣል። በሌሎች ከተሞች ጥቂት ወለድ የሚታሰብበትም አለ። ወለድ መክፈልን ሃይማኖታቸው የማይፈቅድላቸው ወገኖቻችን ይህን ልዩነት አስቀድመው ቢያጣሩ ይጠቅማቸዋል።

ገንዘቡ ለሚያፈስ ጣሪያ፣ ለተበላሸ ማሞቂያ፣ ላረጀ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ወይም አቅም ላነሳቸው አረጋዊት እናት እንዲመች ለሚሠራ መታጠቢያ ቤት ይውላል። በአብዛኛው በባለቤቱ እጅ አይገባም፤ ሥራው ሲጠናቀቅና ሲመረመር ለኮንትራክተሩ ይከፈላል። ጥገናውን ጀምሮ ማመልከትም ብዙ ጊዜ ዕድሉን ያሳጣል።

የገንዘቡ ዋና ምንጭ ብዙውን ጊዜ የፌዴራል መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የቤቶችና የማኅበረሰብ ልማት ሕግ መሠረት ለከተሞች የሚከፋፈለው ገንዘብ አንዱ ነው። በዚህ ገንዘብ ለመጠቀም የቤተሰቡ ገቢ በጥቅሉ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 80 በመቶ መብለጥ የለበትም። ልኩ በየዓመቱ ይታደሳል፤ በቤተሰቡ ብዛትም ይለያያል። ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የሚቆጠረው የቤቱ ባለቤት የሆነችው እናት ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ አብሯት የሚኖረው ዐዋቂ ልጇ ኡበር እየነዳ የሚያገኘው ገቢም ይደመራል።

ወርሃዊ ክፍያ የለውም ማለት ግን ስጦታ ነው ማለት አይደለም። ዕዳው ቤቱን መያዣ አድርጎ በመዝገብ ይሰፍራል። ለምሳሌ አንድ ቤተሰብ 60,000 ዶላር ያለ ወለድ ተበድሮ ከ15 ዓመት በኋላ ቤቱን በ500,000 ዶላር ሸጠ እንበል። የባንኩ ሞርጌጅ 200,000 ቀርቶ ከሆነ በቅድሚያ እሱ ይከፈላል፤ ከተማውም ያንኑ 60,000 ይወስዳል። የሽያጭ ወጪ ሳይቀነስ ለቤተሰቡ 240,000 ዶላር ይተርፈዋል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከወር ደመወዙ አንድም ዶላር ለዚህ ዕዳ አላወጣም። ጡረታ ለወጣ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

የመክፈያው ቀን የሚደርሰው በሽያጭ ብቻ አይደለም። እንደየውሉ ቤቱ በስም ሲተላለፍ፣ ባለቤቱ ትቶት ሌላ ቦታ መኖር ሲጀምር ወይም ሲያከራየው፣ ባለቤቱ ሲሞትም ሊደርስ ይችላል። እናት በቅንነት የቤቱን ስም ወደ ልጇ ብታዞር ዕዳው በአንድ ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ልጆች ውሉን ከመነሻው ማወቅ አለባቸው፤ ከቀብር በኋላ በሐዘን ላይ ሳሉ በደብዳቤ መስማት የለባቸውም። ሞርጌጁን ሪፋይናንስ ማድረግ የሚፈልግም የከተማውን ፈቃድ ይፈልጋል፤ አዲሱ አበዳሪ ከከተማው ዕዳ መቅደም ስለሚሻ ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ብድር አለ፤ በውሉ የተቀመጠውን ዓመት ያህል በቤቱ ለኖረ ሰው ዕዳው እየተቀነሰ በመጨረሻ የሚሰረዝለት። እሱን «የሚሰረዝ ብድር» ማለት ይቻላል። ሁለቱን አንድ ማድረግ አደገኛ ነው፤ ቆይቶ የሚከፈለው ብድር ስለቆየ ብቻ አይሰረዝም።

ፈራሚው እንግሊዝኛው የሚከብደው ከሆነ ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ መሄድ ግዴታው አይደለም። ጽሕፈት ቤቱ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች የቋንቋ እገዛ ያደርግ እንደሆነ መጠየቅ ይችላል። አስተርጓሚውን ከቀጠሮው በፊት መጠየቅ፣ ዕዳው መቼ መቼ ሊጠየቅ እንደሚችል የሚዘረዝረውን አንቀጽም ቃል በቃል ማስተርጎም ያስፈልጋል።