የሕዝበ ውሳኔ መብትና የደቡብ ኦሞ ተሞክሮ

ሕዝብ ስለ ዕጣው ራሱ ይወስን በተባለ ቁጥር በቅድሚያ መመለስ ያለበት ጥያቄ፣ ወሳኙ ሕዝብ ማን ነው የሚለው ነው። በኢትዮጵያ ይህ ክርክር በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ጎልቶ ወጣ፤ ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ያወጣው ጽሑፍ ብዙዎችን አነጋገረ። በ1968 ዓ.ም. የታወጀው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም መፍትሔውን በአገሪቱ ወሰን ውስጥ ባለ ራስ ገዝነት ገደበው።

ኤርትራ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ነፃነቷን ካጸናች በኋላ፣ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መብቱን በሁለት ደረጃ ደነገገ። አንቀጽ 39 የመገንጠልን፣ አንቀጽ 47 ደግሞ የራስን ክልል የማቋቋምን ሥርዓት ያስቀምጣሉ። ሁለቱም የብሔረሰቡን ምክር ቤት የሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ቀጥሎም በሕዝበ ውሳኔ የሚገኝ አብላጫ ድምፅ ይጠይቃሉ። የመገንጠሉ ሥርዓት በተግባር አልተፈተነም። በሁለተኛው ሥርዓት ግን ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፅ ሰጥቶ ክልል ሆነ፤ በዚያ ጠያቂው አንድ ሕዝብ ስለ ነበር የመብቱ ባለቤት አላከራከረም።

ወደ ደቡብ ኦሞ ሲመጣ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። በዚያን ጊዜ ጂንካን ማዕከል ባደረገው ዞን አሪ፣ ማሌ፣ ሐመር፣ በና፣ ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ሙርሲ፣ ካሮና ሌሎችም ብሔረሰቦች በአንድነት ይተዳደሩ ነበር። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ መሠረት 6 ዞኖችና 5 ልዩ ወረዳዎች አንድ የጋራ ክልል እንዲያቋቁሙ ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በኦሞ ወንዝ ዳር ከብት የሚያረባው ዳሰነችና በዲላ ዙሪያ ቡና የሚያለማው ጌዴኦ ለአንድ ጥያቄ መልስ ሰጡ። በወላይታ በሰኔ ከተደገመው ምርጫ በኋላ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተመሠረተ።

የጋራው አደረጃጀት ደጋፊዎች፣ ቁጥራቸው አነስተኛ የሆነ ሕዝቦች የክልልን ወጪ ለየብቻ ሊሸከሙ አይችሉም ይላሉ፤ ይህም ክብደት ያለው ሐሳብ ነው። ተቃዋሚዎች ደግሞ፣ ሕገ መንግሥቱ መብቱን የሰጠው ለእያንዳንዱ ብሔረሰብ እንጂ ለዞን አይደለም ሲሉ ይሞግታሉ። ክልሉ በተቋቋመ ማግሥት አሪ ራሱን የቻለ ዞን ሆኖ ጂንካ መቀመጫው ስትሆን፣ የደቡብ ኦሞ ዞን ማዕከል ወደ ዲመካ መዛወሩ፣ ጥያቄው በድምፅ መስጫው ቀን እንዳልተዘጋ ያስረዳል።

ከዚህ የምንረዳው፣ የድምፅ ቆጠራ የብዙኃኑን ፈቃድ ቢያሳይም ማን ከማን ጋር ተደምሮ እንደሚቆጠር ግን የሚወሰነው አስቀድሞ መሆኑን ነው። ስለሆነም ጥቂት ሺህ ሰው ያለው ብሔረሰብ ከሌሎች ጋር ከመደመሩ በፊት በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ሸንጎ ሊጠየቅ ይገባል።